ከአንድ ቤት አንድ ሰው

ዶሪን ጋፍኒ በየማለዳው ወደ ገዛ ቤቷ የምትገባው እንደ ሌባ ነው። ጓሮ ካለው የመኪና ቤት በር ኋላ ቆማ፣ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ፣ ጎረቤቷ ቪኒ አማቶ ውሻውን ይዞ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ውሻው ያረጀ ስለሆነ በየዛፉ ሥር ይቆማል፤ ቪኒም አይጎትተውም። እነሱ ማዕዘኑን ሲታጠፉ የልብስ ቅርጫቷን ታቅፋ ትወጣለች። ቅርጫቱ ውስጥ አራት ፎጣዎች አሉ፤ ማንም ተጠቅሞባቸው ስለማያውቅ ታጥበው አያውቁም። ልብስ ማጠቢያው መኪና ቤቱ ውስጥ ስላለ፣ ድንገት ያያት ሰው ማልዳ ልብስ አጥባ ተመለሰች ይላል እንጂ የስልሳ ሰባት ዓመት ባልቴት እዚያ አድራ ወጣች አይልም። ዘዴውን ያወጣችው ራሷ ናት። ልጇ ኬሪ ሦስት ዓመት ሙሉ ማን ያይሻል፣ ማንስ ግድ አለው ስትላት ኖራለች። ዶሪን ግን ሰው የሚታየው ያልተጠነቀቀ ዕለት ነው ባይ ናት።

የዚያን ሐሙስ ማለዳ ቪኒ ማዕዘኑን አልታጠፈም። አጥሩ ሥር ቆሞ ከማዕዘኑ ቤት ሴትዮ ጋር ጨዋታ ይዟል። ኅዳር ገብቶ ስለነበር ትንፋሻቸው ይጨሳል። ዶሪን መስማት አልፈለገችም፤ ግን ጆሮ መዝጊያ የለውም። ሴትየዋ አሁን አሁን በየመኪና ቤቱ ሰው እንደ አይጥ ተደብቆ መኖር ጀምሯል እያለች ታወራለች። "አይጥስ ይሻላል፤ መኪና አያቆምም" አለ ቪኒ፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ዛሬ ማታ ነገሩን እንጨርሰዋለን፣ አታስቢ አላት። እሷም ከአፍህ ይቀበልህ ብላው ተለያዩ። ዶሪን ግን ከሄዱ በኋላም ብዙ ቆየች። አይጥ ያሉት እሷን እንደሆነ ያውቁ ይሆን ወይስ አያውቁም፣ የቱ እንደሚብስ ማሰብ ጀምራ ፎጣዎቹን አንድ በአንድ አጣጥፋ መልሳ ዘረጋቻቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤልምፊልድ የተባለችው መንደር፣ ከኒውዮርክ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል የምትርቀው፣ ከተቆረቆረች ጀምሮ ሕጓ አንድ ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ አንድ ቤት፣ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ቤተሰብ። አሁን የመንደሩ ምክር ቤት ሕጉን ላላ ሊያደርገው፣ ጓሮ ያለው ሰው ሁለተኛ ትንሽ ቤት እንዲሠራ ወይም የመኪና ቤቱን የሰው መኖሪያ እንዲያደርግ ሊፈቅድ አስቧል። ይህ ከተሰማ ወዲህ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። ገሚሱ ሣሩ ላይ "ኤልምፊልድ እንዳለች ትቆይ" የሚል ሰማያዊ ሰሌዳ ተክሏል፤ ገሚሱ ደግሞ "ለልጆቻችንም ቦታ ይኑር" የሚል አረንጓዴ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በረዶ ሲጥል አካፋ የተዋሱ ሰዎች ዛሬ በመንገድ ሲተላለፉ ስልካቸውን ያያሉ። በዶሪን ሣር ላይ የቆመው ሰማያዊው ነው። ቪኒ በገዛ መዶሻው ሲተክለው እሷ ደረጃው ላይ ቆማ "አመሰግናለሁ" ብላዋለች። በዚያ የተነሳ ኬሪ ሁለት ቀን አላናገረቻትም ነበር።

ወደ ማእድ ቤት ስትገባ ልጆቹ ቁርስ ላይ ናቸው። መንትዮቹ በአንድ ማንኪያ ይጣላሉ፤ ሌላ ማንኪያ ሞልቶ ሳለ የሚፈልጉት ያንኑ ነው። ታላቋ ኖራ ጫማዋን አጥታ ትዞራለች። የኬሪ ባል ራስል ገና ሳይነጋ ወደ ሥራው ሄዷል፤ የሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ነው የሚጠግነው። ኬሪ የምትሠራበትን የጥርስ ሐኪም ቤት ሰማያዊ ልብስ ለብሳ ለልጆቹ ምሳ ትጠቀልላለች። ቤቱ ትንሽ ነው፤ ሦስት መኝታ ክፍል አለው። ሟቹ ዴኒስና ዶሪን በሰማንያ አራት ሺህ ዶላር ሲገዙት ሰው አበዳችሁ ብሏቸው ነበር። ባለፈው በጋ ከጎኑ ያለው፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ በሰባት መቶ አሥር ሺህ ተሸጠ። ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ሱቅ በላይ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት እንኳ በወር ሦስት ሺህ አንድ መቶ ነው ኪራይዋ። ከሦስት ዓመት በፊት ኬሪና ራስል ኪራይ አቅቷቸው ከልጆቻቸው ጋር ሲመጡ፣ ዶሪን ቤቱን ለቃላቸው ጓሮ ወረደች። ማንም አልጠየቃትም። የመኪና ቤቱን ዴኒስ ለታመመ ወንድሙ ብሎ ያለ ፈቃድ መታጠቢያና አልጋ አግብቶበት ነበር። ለጥቂት ጊዜ ነው ተባለ። ጥቂት ጊዜ ማለት በዚያ አገር ሰው እስኪያረጅ ድረስ ነው።

አሁን ደግሞ የራስል ወንድም ከደቡብ ካሮላይና ደውሎ ሥራ አለ፣ ቤትም በእናንተ አቅም ይገኛል ብሏል። መልስ የሚፈልገው ነገ ዓርብ ነው። ራስል ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ተናግሯል። ሕጉ ከወጣ ባንክ ያበድራቸዋል፤ መኪና ቤቱን እንደ ሰው ቤት አድርገው ይሠሩታል፣ ዶሪንም እንደ ሰው ትኖርበታለች፣ እነሱም አይሄዱም። ካልወጣ ግን የግንባታ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሊያፈርሰው ለሚችለው ክፍል አንድ ምስማር አይመታም፤ ባንኩም ሳንቲም አይሰጥም። አማቱን እንደ ስደተኛ ጓሮ አስተኝቶ ሌላ ክረምት አያሳልፍም። ባለፈው ክረምት ቧንቧው በርዶ ፈንድቶ ዶሪን ሁለት ወር ስትስል ከርማለች። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው።

ኬሪ ሳንድዊቹን እየቆረጠች፣ ቀና ሳትል፣ ዛሬ ማታ ስብሰባው ላይ ልትናገር መመዝገቧን ነገረቻት። ዶሪን ስኒዋን አስቀመጠች።

"ስምና አድራሻ ይጠይቁሻል እኮ።"

"ይጠይቁኛ። አድራሻዬን አውቀዋለሁ፣ እማ።"

"ያ ተቆጣጣሪው ሃል በርጊን በየስብሰባው ይቀመጣል። አድራሻ ሲሰማ ብድግ ብሎ መጥቶ ቢያይስ? ስንት ሆናችሁ ትኖራላችሁ ቢልስ?"

ኬሪ ቢላዋውን አጠበች። እናቷ ስልክ ከጮኸ ሰው ሞቷል፣ ፖስታ ከመጣ ቤት ሊወረስ ነው የምትል ሴት እንደሆነች ከልጅነቷ ታውቃለች፤ ክርክሩ የትም እንደማያደርስ ታውቃለች። ከፈለግሽ ነይ፣ ከፈራሽ ልጆቹን ጠብቂ አለቻት። ከዚያ ሦስቱንም እየነዳች ወጣች፤ ቤቱም ፀጥ አለ። ዶሪን ፀጥታውን አትወደውም። ገና ያልመጣ ነገር ድምፅ ይመስላታል።

ወደ ቀትር ግድም ቪኒ የፊቱን በር አንኳኳ። ሚስቱ ካርሜላ የላከችውን የምድጃ ፓስታ በፎጣ ጠቅልሎ ይዟል። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ትከሻው ዛሬም በር ይሞላል። ዴኒስ ልቡ የቆመ ዕለት አምቡላንሱ ሳይደርስ ከፎቁ ክፍል አቅፎ ያወረደው ይህ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በረዶ በጣለ ቁጥር ዶሪን ስትነሳ ደረጃዋ ተጠርጎ ታገኘዋለች። ስለዚህ ቪኒ ሲናገር ዶሪን በዴኒስ ሬሳ በኩል ነው የምትሰማው። ተቀምጦ የሚፈራውን ሁሉ ነገራት። ፍሳሹ የሚሄድበት ቧንቧ የአያቶቻችን ዘመን ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሞልቷል፤ የሚገዙት ደግሞ ሰዎች አይደሉም፣ ፊታቸው የማይታይ ኩባንያዎች ናቸው፤ አፍርሰው ሣጥን የመሰለ ፎቅ ይደረድራሉ። ዕድሜ ልኩን በእሳት ውስጥ ገብቶ ያጠራቀመው ሁሉ ያለው በዚያች ቤት ውስጥ ነው። የፓስታውን ፎጣ አጣጥፎ መልሶ ሲዘረጋው አየች። እሱም ይፈራል ለካ አለች በልቧ፤ አዘነችለትም። የሚፈራ ሰው ታውቃለች።

ከዚያ የመጣበትን ጉዳይ አነሳ። ስሟን ለተናጋሪነት አስመዝግቧል፤ ከፊት ነው ያስገባት።

"እኔ ስናገር ያ ሽማግሌ ደግሞ ጀመረው ይላሉ" አላት። "አንቺን ግን ዝም ብለው ነው የሚሰሙሽ። ግማሹን መንደር በትምህርት ቤት ምሳ ያበላሽው አንቺ ነሽ። ስምሽን፣ አድራሻሽን፣ ከዚያ ሕጉን አልፈልግም ትያለሽ፤ ይኸው ነው።"

"ሰው ፊት መናገር አልችልም እኮ፣ ቪኒ።"

"ቤተ ክርስቲያን አትዘምሪም እንዴ? ከዚያ አይብስም፤ ድምፅሽን እኮ ሰምተነዋል" ብሎ ሳቀ።

እሷም ሳቀችና እሺ አለች። ይህች እሺ የዶሪን በሽታ ናት። የሰው ፊት እንዳይጠቁር ብላ ታወጣታለች፤ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደምትመልሳት ሌሊቱን ታስባለች። ቪኒ ከሄደ በኋላ ፓስታውን ምድጃ ውስጥ አስገብታ ረስታው ጫፉ አረረ።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ወርዳ ጋደም አለች። ክፍሏ ጠባብ ናት። ባንድ በኩል የዴኒስ የመሣሪያ ሰሌዳ ከነመጋዙ፣ በሌላው በኩል ማጠቢያና ማድረቂያው፣ መካከል አልጋዋና ትንሿ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ሦስት ምንጣፍ ደርባበታለች፤ ቅዝቃዜው ሦስቱንም አልፎ ይመጣል። የዘይት ሽታው ዛሬም አለቀቀም። ሆኖም ኖራ ማታ ማታ የቤት ሥራዋን ይዛ የምትመጣው እዚህ ነው፤ አልጋው ላይ በደረቷ ተኝታ፣ እግሯን እያወዛወዘች። መንትዮቹ ከማድረቂያው ኋላ ዋሻ አላቸው። ዶሪን እነዚህ ልጆች ደቡብ ካሮላይና ሲያድጉ አሰበች። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለገና፣ ከዚያም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ። መጀመሪያ ድምፃቸው ይለወጣል፣ ቀጥሎ በስልክ ምን እንደሚያወሯት ይጠፋቸዋል። ክፉውን ማሰብ ልማዷ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ክፉው ነገር ከልማዷ በላይ ግልጽ ሆኖ ታያት፤ ተነስታ ቁጭ አለች።

እና ወሰነች። ስሟ ከተመዘገበ ተመዝግቧል፤ ትወጣለች። ቪኒ ያለውን ሳይሆን የራሷን ትናገራለች። ስለ መኪና ቤቱ ምንም አትልም። እፈልጋለሁ ብቻ ትላለች። ልጄና የልጅ ልጆቼ አጠገቤ እንዲኖሩ ሕጉ ቢወጣ እፈልጋለሁ። ቪኒ ይቀየማል፤ ይቀየም። ደረጃዋን ራሷ ትጠርጋለች። ማድረቂያው ፊት ቆማ ጮክ ብላ አለችው፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት፤ ግን መጥፎ አልነበረም። ለኬሪ ሳትነግራት ልታስደንቃት ፈለገች። ስንት ዓመቷ ነው ሰው ካስደነቀች? ግራጫ ሹራቧን ለብሳ ከንፈሯን ቀለም ቀባች።

ስብሰባው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ መመገቢያ አዳራሽ ነበር። ዶሪን በዚያ አዳራሽ ሃያ ሁለት ዓመት ከምግብ መስጫው ኋላ ቆማ ሾርባ ቀድታለች፤ ከፊቱ ቆማ ግን አታውቅም። ሰው ሞልቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሰማያዊ የደረት ምልክት የለጠፉት በግራ፣ አረንጓዴዎቹ በቀኝ ተቀምጠዋል፤ ሠርግ ይመስላል፤ ሁለቱ ወገን ያልተስማሙበት ሠርግ። ራስል ልጆቹን ይዞ ቤት ስለቀረ ኬሪና ዶሪን ብቻቸውን መጥተው፣ ምንም ምልክት ሳይለጥፉ፣ መካከል ላይ ተቀመጡ። ከመድረኩ ጎን ከግድግዳው ሥር፣ እግሩን አነባብሮ፣ ተቆጣጣሪው ሃል በርጊን አለ። ዶሪን ከገባች ጀምሮ ያየችው እሱን ብቻ ነው።

አምስቱ የምክር ቤት አባላት ተቀመጡና ሰብሳቢው፣ ትሑት ቀጭን ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። የተመዘገበው ተናጋሪ ከመቶ ይበልጣል፤ ሁሉም ከተናገረ እዚሁ ማደራችን ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የሚናገረው ከአንድ ቤት አንድ ሰው ነው አለ። ከአንድ አድራሻ ሁለት ከተመዘገቡ ቀድሞ የተጻፈው ይናገራል። ከዚያ የተሰረዙትን አነበበ። የኬሪ ስም አራተኛ ነበር።

ኬሪ ፊቷን ወደ እናቷ አዞረች። "አንቺ ነሽ የተመዘገብሽው?"

ዶሪን ቪኒ ነው፣ እኔ ሳልሆን ቪኒ ነው ብላ ልታስረዳት ሞከረች። ኬሪ ፊቷ ነጣ። እጇን አነሳች፤ ሰብሳቢው አላያትም። ሁለት ቤት ነን ብላ ልትጮህ ትችል ነበር፤ ሁለት ቤት እንዲሆኑ ነበር የመጡት። ግን በሕጉ ፊት አንድ ቤት ናቸው፤ አንድ አፍ። ኬሪ ጎንበስ ብላ የእናቷን እጅ ያዘች። ከስንት ዘመን በኋላ ነው የያዘቻት። "እሺ፣ አንቺ ተናገሪው። ምንም አታብዢ። እፈልጋለሁ በይ። እማ፣ ራስል ነገ ነው የሚደውለው።" ዶሪን፣ እሱን ልል ነው የመጣሁት አለቻት። ኬሪ አላመነቻትም፤ እጇን ግን አለቀቀችም።

አንድ ወጣት መምህር ተነስቶ ኤልምፊልድ ያሉ ልጆችን ለማስተማር በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል እንደሚነዳ ተናገረ። አንድ ሰው ስለ ፍሳሽ ተናገረ። አንዲት አሮጊት የሞተ ባሏን ጽጌረዳ የጎረቤት ፎቅ እንዳይጋርደው ለመነች። ቪኒ ተነስቶ በየመኪና ቤቱ ስለሚደበቁት ሰዎች ተናገረ፤ ሕግ አክብረን የኖርን እኛ ሞኝ ሆነን መቅረታችን ነው ሲል ግራው ወገን አጨበጨበ። ከዚያ ሰብሳቢው "ወይዘሮ ዶሪን ጋፍኒ" አለ።

የወንበሮቹን ጀርባ እየያዘች ወደ ድምፅ ማጉያው ሄደች። ሰብሳቢው ፈገግ አለላት፤ ልጅ ሳለ ሾርባ ቀድታለታለች። እንደ ሁሉም ሰው ስሟንና አድራሻዋን ለመዝገቡ እንድትናገር ጠየቃት። ስሟን ተናገረች። "ዊሎ ጎዳና፣ አርባ አንድ ቁጥር" አለች። ቁጥሩ በድምፅ ማጉያው ገዝፎ አዳራሹን ዞሮ መጣባት። ያኔ ሃል በርጊን አንገቱን ቀና አደረገና እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

ዶሪን በዚያች ቅጽበት ሁሉንም አየችው። ነገ ማለዳ መኪናው በር ላይ ይቆማል። የመኪና ቤቱ በር ላይ ቀይ ወረቀት ይለጠፋል፤ አልጋዋ ሣሩ ላይ ይወጣል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰለፋል። ቅጣቱን መክፈል አይችሉም። ኬሪ ታለቅሳለች። አይጥ ተገኘች ይባላል። ሕጉ ዛሬ ቢወጣስ? ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ያሉት ሌሊቶች የማን ናቸው? ያሰበችው ቃል አፏ ውስጥ ነበር፤ ምላሷ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ አለች። ባሌ እዚህ ሞተ አለች። ከዚያ የእስክሪብቶውን ጫፍ እያየች፣ ማንም ምንም እንዳይጠይቃት፣ ቶሎ ወደ ቦታዋ እንድትመለስ ብቻ፣ "ሰፈራችን እንዳለ ቢቆይ ነው የምወደው" አለች።

ግራው ወገን ቆሞ አጨበጨበ። ወደ ወንበሯ ስትመለስ ኬሪ ሁለት እጇን ጭኗ መካከል አድርጋ ወደ ፊት እያየች ነበር። ስትቀመጥ ቦታ እንድታገኝ ጉልበቷን ሰበሰበችላት፤ እንደማያውቁት ሰው።

ድምፅ የተሰጠው ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ሁለት ደገፉ፣ ሁለት ተቃወሙ። የቀረችው የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ነበረች፤ እስከዚያች ሰዓት ወዴት እንደምታጋድል ማንም አያውቅም። መነጽሯን አውልቃ፣ ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር አለች፤ ነገር ግን ይህ ሕግ ይጠቅማቸዋል የተባሉት እንደ ወይዘሮ ጋፍኒ ያሉ ሰዎች ራሳቸው አንፈልግም ካሉ፣ እኔ ማን ነኝና በላያቸው ላይ እጭናለሁ? እጇን ከተቃዋሚዎቹ ጋር አነሳች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ የዶሪን ግን የባሰ ነው፤ የፈራችውን በገዛ እጇ ጎትታ አመጣችው።

ውጪ መኪና ማቆሚያው ላይ ቪኒ እጁን ዘርግቶ አቀፋት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ዴኒስ ቢያይሽ ይኮራብሽ ነበር አላት። ኬሪ መኪናውን ከፍታ በሩን ይዛ ቆማለች። ቪኒ ሊሄድ ሲል ተመለሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ቅዳሜ መጥቼ የማሞቂያሽን ሽቦ አያለሁ። ከአጥሩ ማዶ ሲብለጨለጭ አየዋለሁ፤ አላማረኝም። እሳት ያስነሳብሻል።"

ዶሪን ወደ እሱ ዞረች። "የቱን ማሞቂያ?"

"ምን የቱን ማሞቂያ ትያለሽ? የምትተኚበት ክፍል ያለውን ነዋ" አለ ቪኒ ግራ ገብቶት። "ዶሪን፣ ሦስት ዓመት መብራትሽን አየዋለሁ። ካርሜላም ታውቃለች። መንገዱ ሁሉ ያውቃል።"

"ሃልስ?"

"ሃል?" ቪኒ ሳቀ። "የመታጠቢያውን ቧንቧ ከዴኒስ ጋር ማን የቀበረው መሰለሽ? ሃል እኮ ነው፤ አንድ ካርቶን ቢራ ጨርሰውበታል። ዛሬም ስትናገሪ ያንቺን ወሬ እየጻፈ መስሎሽ ነው? ያ ሰው ስብሰባ ላይ የሚሞላው የጋዜጣ የቃላት እንቆቅልሽ ነው።" ከዚያ ትከሻዋን በትልቅ እጁ ያዘ። "ማን ይነካሻል? አንቺ እኮ የኛ ነሽ። እኛ የምንለው ሌሎቹን ነው።"

ሌሎቹ እነማን ናቸው ብላ ልትጠይቀው ፈልጋ ነበር። የመምህሩን ፊት አሰበች። ግን ቪኒ እንዳይበርዳት መኪናው ውስጥ አስገብቶ በሩን በእርጋታ ዘጋላት፤ በመስኮቱም እጁን አወዛወዘ። ኬሪ ሁሉንም ሰምታለች። ሬዲዮውን ሳትከፍት እስከ ቤት ድረስ ነዳች። በየሣሩ ላይ የቆሙት ሰሌዳዎች በመኪናው መብራት አንድ በአንድ በርተው ጠፉ። ዶሪን ሁለት ጊዜ ኬሪን በስሟ ጠራች። ሁለቱንም ጊዜ ኬሪ የመታጠፊያውን መብራት አበራች።

ራስል ማለዳ ስለሚወጣ ተኝቷል። ልጆቹም ተኝተዋል። ኬሪ ኮቷን ሳታወልቅ ማእድ ቤቱ ውስጥ ቆማ፣ ጫፉ ካረረው ፓስታ አንድ ጉርሻ በሹካ አንስታ፣ ሳትበላው መለሰችው። ዶሪን ደንግጬ ነው አለች። የሚጽፍብኝ መስሎኝ ነው። ኬሪ አውቃለሁ አለች፤ በእውነትም የምታውቅ ትመስላለች፤ በድምፅዋ ቁጣ የለም። ዶሪን ከቁጣው ይልቅ የፈራችው ይህን ነበር። ወደ በሩ ሄደች፤ ወደ ጓሮው፤ ሌላ የምትሄድበት ስላልነበራት።

"እማ፣ ዛሬ እዚያ አትተኚ" አለች ኬሪ። "ሶፋው ላይ አነጥፍልሻለሁ።"

"ምን ይለኛል? ለምጄዋለሁ።"

"እኛ ከሄድን በኋላ ባዶ ቤት ጥለሽ ጓሮ ልትቀመጪ ነው? ራስል ነገ ይደውላል። ከገና በፊት እንሄዳለን።" ኬሪ የኮቷን ቁልፍ መፍታት ጀመረች። "ቤቱ ያንቺ ነው። የምትፈልጊውን ክፍል ምረጪና ንገሪኝ፤ ሳንሄድ ቀለም ልቀባልሽ።"

ዶሪን ወደ ፎቁ መተላለፊያ ወጣች፤ ለመምረጥ ሳይሆን፣ ኬሪ ፊቷን እንዳታይ። ሦስቱ በሮች በትንሹ ገርበብ ብለዋል። የራስል ማንኮራፋት ከአንደኛው ይመጣል። መንትዮቹ ከሁለተኛው። ኖራ በሦስተኛው ውስጥ በእንቅልፏ የሆነ ነገር ተናግራ ተገላበጠች። ዶሪን ከመካከላቸው ቆማ ቀረች። ምረጪ ተብላለች፤ ሦስቱም ክፍሎች ውስጥ ግን ገና ሰው ተኝቶ ነበር።